የንጽህናና ሥነ ምግብ ክበብ የ2017 ዓ.ም. ዘገባ፦ ከበሩ ላይ የወረደው ጽሑፍ

ክበባችን የዓመቱን ሥራ የጀመረው በስህተት ነው። ጥቅምት 5 ቀን የዓለም የእጅ መታጠብ ቀን ሲከበር አባላቱ «እጅህን በሳሙና ታጠብ፣ ቁመትህ ይጨምራል» የሚል ጽሑፍ በትልቅ ካርቶን ላይ አሳምረው ጽፈው በግቢው በር ላይ ሰቀሉ፤ ሚኒ ሚዲያውም ይህንኑ በሰልፍ ሰዓት ደጋግሞ አሰማ። የክበቡ ተጠሪ እኔ ነኝና ጽሑፉን አስቀድሜ አይቼዋለሁ፤ ምንም እንከን አልታየኝም ነበር። በዕረፍት ሰዓት የአጠቃላይ ሳይንስ መምህሩ ጠጋ ብሎ «መምህር፣ ይህን ማን አረጋገጠላችሁ?» ሲለኝ ግን መልስ አጣሁ።

መልሱን ፍለጋ የገባንበት ንባብ የዓመቱን ዕቅዳችንን ቀየረው። በባንግላዴሽ፣ በኬንያና በዚምባብዌ የተካሄዱና ውጤታቸው እ.ኤ.አ. በ2018 እና በ2019 የታተመ ሰፋፊ ጥናቶች በሺህ ለሚቆጠሩ ቤተሰቦች መጸዳጃ ቤት፣ የእጅ መታጠቢያና ውሃ ማከሚያ ክሎሪን አቅርበው የሕፃናቱን እድገት ተከታትለዋል። በባንግላዴሽ ተቅማጥ ቀንሷል፤ ቁመት ግን በሦስቱም አገሮች በዚህ ብቻ አልጨመረም። በቁመት ጥቂት ብልጫ ያሳዩት ተጨማሪ ምግብ ያገኙት ሕፃናት ናቸው። ካርቶኑን በማግስቱ አወረድነው። ሲወርድ አጠገቤ የቆመ የ8ኛ ክፍል ተማሪ «ታዲያ ቲቸር፣ መታጠቡ ምን ይሠራል?» አለኝ፤ ጥያቄው ተገቢ ነበርና እስከ ታኅሣሥ ድረስ ከእርሱ አልወጣንም።

ትንሹ አንጀት በውስጥ በኩል እንደ ፎጣ ፀጉር ባሉ እጅግ ጥቃቅን ጣት መሰል ነገሮች የተሸፈነ ሲሆን ምግብ ወደ ደም የሚገባው በእነርሱ በኩል ነው። ከሰገራ የሚነሱ ጀርሞች በእጅ፣ በዝንብ፣ በውሃና በአፈር አማካይነት በየዕለቱ ወደ ሕፃኑ አፍ ሲገቡ፣ ተቅማጥ ባይዘው እንኳ፣ ይህ ፀጉር እያጠረና እየሳሳ ይሄዳል፤ የአንጀቱ ግድግዳ ይላላል፤ ሰውነትም ለእድገት ሊያውለው የሚገባውን ጉልበት ጀርም ለመከላከል ያውለዋል። አባላቱ ይህን ለማሳየት ከአዲስ ፎጣና ፀጉሩ ካለቀ አሮጌ ፎጣ እኩል ቁራጭ ቆርጠው፣ ውሃ ውስጥ ነክረው፣ እያንዳንዱን በየብርጭቆው ላይ ጨመቁ። ከአዲሱ የወጣው ብርጭቆውን ሊያጋምስ ሲቃረብ ካረጀው የወጣው ከሥሩ ብዙም ከፍ አላለም። ከዚያ በኋላ እኔ የጨመርኩት ማብራሪያ ትርፍ ነበር።

በአካባቢያችን የምትሠራው የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ በጥር ወር መጥታ መቀንጨር ከመክሳት እንዴት እንደሚለይ አስረዳችን። የከሳ ልጅ ሲታይ ያስታውቃል፤ የቀነጨረ ልጅ ግን ከዕድሜው በታች የሆነ ጤነኛ ልጅ መስሎ ያልፋል። በጠመኔ ግድግዳው ላይ ሁለት መስመር አሰመረችልን፤ ላይኛው በ87 ሳንቲ ሜትር፣ ታችኛው በ81። ሁለት ዓመት የሞላው ወንድ ልጅ ቁመቱ በአማካይ ወደ ላይኛው ይደርሳል፤ ከታችኛው በታች ከሆነ ቀንጭሯል ይባላል። ለሴት ልጅ ሁለቱም በአንድ ሳንቲ ተኩል ያህል ዝቅ ይላሉ። «ይኸው ብቻ ነው ልዩነቱ?» ያሉ ነበሩ። በ2008 ዓ.ም. በተካሄደው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ5 ዓመት በታች ከሆኑ 100 የኢትዮጵያ ሕፃናት 38ቱ ቀንጭረው ተገኝተዋል፤ በአዲስ አበባ 15ቱ። በ1992 ዓ.ም. የአገሪቱ ቁጥር 58 ስለነበር ለውጡ ቀላል አይደለም፤ ሆኖም ከፅንስ እስከ ሁለተኛ ዓመት ልደት ባሉት 1000 ቀናት ያመለጠ ቁመት በኋላ በአብዛኛው አይመለስም። አንዲት የ7ኛ ክፍል አባል በዚያው ቀን የልብስ ሰፊ ሜትር ተውሳ ወደ ቤቷ ሄደች። ስንት እንዳገኘች አልነገረችንም፣ እኔም አልጠየቅኋትም፤ ከሳምንት በኋላ ግን ባለሙያዋ በሠፈራቸው በኩል መቼ እንደምታልፍ ጠየቀችኝ።

ተማሪዎቻችን በአዲስ አበባ ዳር ካሉት ከቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየሞችም፣ ከዚያ ባሻገር ላምና ዶሮ ከሚረባባቸው ነባር ግቢዎችም ይመጣሉ። አባላቱ በየሠፈራቸው ሕፃናት የሚድሁበትን ቦታ እንዲያስተውሉ ስንልካቸው ይዘውት የመጡት ነገር ከመጽሐፍ ያላገኘነው ነበር፤ ዶሮዎቹ በሚጭሩበት አፈር ላይ ሕፃኑ ይድሃል፣ የወደቀውን ኩበት ስባሪ አንስቶ ይቀምሳል። የእናቱ እጅ ንጹህ ቢሆንም የእርሱ እጅ አይደለም። ከጥናቶቹ በኋላ ብዙ ተመራማሪዎች የእጅ መታጠቢያና መጸዳጃ ቤት ብቻቸውን ለምን እንዳልበቁ ሲያስረዱ ከሚጠቅሱት ምክንያት አንዱ ይኸው ነው። በኮንዶሚኒየሞቹ ደግሞ «የሕፃን ሰገራ አይጎዳም» የሚለው አባባል ሰፍኖ አገኘነው፤ ይጎዳል፣ ጀርሙ ያው ነው። ዶሮዎቹን ቀን ቀን ከልሎ ማዋልና ሕፃኑን በታጠበ የማዳበሪያ ከረጢት ወይም ሰሌን ላይ ማስቀመጥ ገንዘብ የማይጠይቅ በመሆኑ አባላቱ ለየቤታቸው ያስተማሩት ይህንኑ ነው። የትል መድኃኒት መውሰድም እንደማይቀር፣ ነገር ግን የወስፋት እንቁላል አፈር ውስጥ ለዓመታት ሊቆይ ስለሚችል ክኒኑ ብቻውን እንደማይበቃ አክለውበታል።

ወደ ራሳችን ግቢ ስንመለስ፣ አባላቱ በምገባ ሰዓት ማስታወሻ ደብተር ይዘው በተራ መታጠቢያው አጠገብ ቆሙ። የታዘቡት የሁላችንንም ቤት ይመስላል። እንግዳ ማስታጠብ ወጋችን ነው፤ ከማንቆርቆሪያው ውሃ ይፈስሳል፣ ጣቶች ይረጥባሉ፣ ፎጣ ይቀርባል። ሳሙና የሚጠየቀው ከምግብ በኋላ ነው፣ የወጡ ቅባት በውሃ ብቻ አይለቅምና። ልጆቹም እንዲሁ ያደርጉ ነበር፤ እኔም በቤቴ ከዚህ የተለየ ነገር አላደርግም ነበር። ሳሙናውን ከምግብ በፊት ለማምጣት ስንሞክር ችግሩ ሁለት ሆነ። ውሃ በፈረቃ ስለሚመጣ ሮቶው አንዳንድ ቀን ከእኩለ ቀን በፊት ይደርቃል፤ ሳሙናውም በካልሲ ከትተን ብናንጠለጥለው እንኳ ከነካልሲው ይጠፋል። ሌብነት ብዬ ለመጻፍ እጄ አልታዘዘም፤ ወደ ቤት የሚወስዱት ታናናሾቹ ነበሩ። በመጨረሻ 30 ግራም ያህል የዱቄት ሳሙና በአንድ ሊትር ተኩል ሃይላንድ ውሃ በጥብጠን ክዳኑን በሚስማር ቀዳን፤ ይህን ማንም ይዞት አልሄደም፣ ውሃውም በቁጠባ እጅ ያስታጥባል።

በበሩ ላይ አሁን የተሰቀለው ጽሑፍ «ሳሙናው ከምግብ በፊት» የሚል ብቻ ነው። የአጠቃላይ ሳይንስ መምህሩ አንብቦት አልፏል። ወላጆች ለአጸደ ሕፃናቱ መጸዳጃ ቤት ሁለተኛ ሮቶ እንዲያዋጡ በወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረት (ወተመህ) በኩል ያቀረብነው ጥያቄ ተቀባይነት አግኝቶ ሮቶው በሰኔ ደርሶናል፤ ይህ ዘገባ እስከተጻፈበት ቀን ድረስ ቧንቧው አልተገጠመለትም።