ይድረስ ለአባባ፣ ከነጩ ገደል አፋፍ

ይድረስ ለተከበሩ አባቴ፤

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰንብተዋል? ጉልበትዎስ እንዴት ነው? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። የልጅ ልጅዎ ቁመቷ ትከሻዬ ላይ ደርሷል፤ በአማርኛ ማንበብም ጀምራለች። በበጋው ቅዳሜ ቅዳሜ ከእርሷ ጋር ወደ ደቡብ እንግሊዝ የባሕር ዳርቻ እንሄዳለን። እዚያ የምንሠራውን አገር ሲለኩ ከኖሩት ከእርስዎ የተሻለ የሚረዳኝ ሰው ስለሌለ በዝርዝር ልጽፍልዎ አሰብሁ።

ነገሩ ጂኦካሺንግ ይባላል። አንድ ሰው ውኃ በማያስገባ ዕቃ ውስጥ ትንሽ መዝገብ አኑሮ ከድንጋይ ሥር ወይም ከቁጥቋጦ መሐል ይሸሽገዋል፤ መሬት ቆፍሮ መቅበር ግን ክልክል ነው። ከዚያም የቦታውን ኬክሮስና ኬንትሮስ ለሁሉም ያሳውቃል። ፈላጊው ቦታን በሳተላይት በሚያሳየው በጂፒኤስ ተመርቶ ሲያገኘው ስሙንና ቀኑን መዝገቡ ላይ ጽፎ በነበረበት አኳኋን ይመልሰዋል፤ ከውስጡ አንዳች ነገር የወሰደ እንደሆነ በዋጋ የማያንስ ሌላ ነገር ይተካል። የተጀመረው እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በግንቦት 2000 ነው። የአሜሪካ መንግሥት ለሕዝብ የሚለቀውን የጂፒኤስ ምልክት ሆን ብሎ ማዛባቱን ባቆመ በቀናት ውስጥ፣ በኦሪገን አንድ ሰው ባልዲ ደብቆ የቦታውን ቁጥር አስታወቀ። ከዚያ በፊት መሣሪያው እስከ 100 ሜትር ይስት እንደነበር እርስዎ ያስታውሳሉ።

እኛ የምንወደው ሴቨን ሲስተርስ ከሚባሉት ነጭ ገደሎች ተነሥቶ ወደ ቢቺ ሄድ የሚወስደውን የእግር መንገድ ነው። ቢቺ ሄድ ከባሕሩ 162 ሜትር ከፍ ይላል፤ ድንጋዩም ጠመኔ ስለሆነ ማዕበሉ ከሥር እየበላው፣ የክረምቱ ዝናብ ከላይ እየሰረገበት በየጊዜው ይናዳል። በዚያው አፋፍ ላይ የነበረው ቤል ቱት የተባለው አሮጌ የመብራት ማማ ገደሉ ሊደርስበት ሲቃረብ፣ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1999 ሕንፃው እንዳለ ተነሥቶ 17 ሜትር ወደ ኋላ ተወስዷል። ይህን ሳነብ ወዲያውኑ ያሰብሁት እርስዎን ነው፤ ሥራውን ቆመው ቢያዩት ምን ያህል ደስ ባለዎት ነበር።

ስለ ልጅቷ እንዳይሰጉ አጥብቄ እለምንዎታለሁ። ሣሩ እስከ ጫፉ ድረስ ለምለም ስለሆነ፣ ከላይ የቆመ ሰው ከእግሩ በታች ያለው ድንጋይ ተቦርቡሮ ማለቁን ሊያውቅ አይችልም። ስለዚህ የስልኩ ቀስት ወደ አፋፉ ካመለከተ ሳጥኑን ትተነው እናልፋለን። ስልኩ ጥቂት ሜትር መሳቱ አይቀርም፤ እዚያ ላይ ደግሞ ጥቂት ሜትር የሰው ሕይወት ነው። ከገደሉ ሥር ስንሆንም አለቱ የሰማዩን እኩሌታ ስለሚጋርድና የሳተላይቱን ምልክት ስለሚያስተጋባ ቁጥሩን አናምነውም።

አባባ፣ ይህን ሁሉ ስጽፍ ከልጅነቴ ጀምሮ ውስጤን የሚያንገበግበኝን ነገር ልደብቅዎ አልችልም። ትምህርት ቤት ሲዘጋ ጋሼን በላንድሮቨር ይዘውት ወደ ዓባይ በረሃ ወረዱ፤ ጎሐ ጽዮን አፋፍ ላይ የማዕዘን መለኪያ መሣሪያዎን፣ ቴዎዶላይቱን፣ ሲተክሉ አጠገብዎ የቆመበት ፎቶግራፍ እስከ ዛሬ ሳሎን ውስጥ ተሰቅሏል። እኔ ስጠይቅዎ «ገደል ለሴት ልጅ አይሆንም» አሉኝ። ማታ ማታ የመስክ ደብተርዎን ቁጥሮች በንጹሕ ወረቀት ላይ የምገለብጠው ግን እኔ ነበርሁ፤ ጋሼ አንድም ቀን አልገለበጠም። ቁጥር ያስወደዱኝ እርስዎ ነዎት፤ ስለዚህም አመሰግንዎታለሁ። ቁጥሩ የተወሰደበትን ቦታ ግን አላሳዩኝም።

እታለም የአሮጌ ካርታዎን ፎቶ ልካልኝ ነበር። ከዚያ ላይ አንድ ነጥብ አንብቤ እንዳለ ስልኬ ውስጥ ባስገባው ከ200 ሜትር በላይ ራቀ፤ ካርታው የተሠራው አዲንዳን በተባለው የቀድሞ የቦታ መለኪያ ስሌት ሲሆን ስልኩ የሚሠራው ዛሬ ዓለም በሚጠቀምበት ነው። ምክንያቱን ለልጅቷ ሳስረዳት «አያቴ ይህን ያውቃሉ?» ብላ ጠየቀችኝ። ያስተማሩኝ እርሳቸው ናቸው አልኋት።

እታለም ሌላም ነገር ነግራኛለች። ከቅዳሴ ሲመለሱ መንገዱ ጠፍቶብዎት የሰፈር ልጆች እጅዎን ይዘው ቤት አድርሰውዎታል። እርስዎ ግን በማግሥቱ በስልክ ስንነጋገር ስለ ዝናቡና ስለ ጤፍ ዋጋ ብቻ አጫወቱኝ። አገር ሲለኩ የኖሩ ሰው ይህን ለልጃቸው መናገር እንደሚከብዳቸው ይገባኛል፤ ለእኔም መስማቱ ከብዶኝ ነው እስካሁን በሌላ ወሬ የዞርሁት።

በሰው እጅ የላክሁልዎትን ስልክ እባክዎ ከኪስዎ አይለዩት። ያሉበትን ቦታ ለእኔና ለእታለም እንዲያሳይ አድርጌዋለሁ። እንደ ሕፃን ተቆጠርሁ ብለው እንዳይቀየሙኝ፤ እኔም ወደ ገደሉ ከመውጣቴ በፊት ያለሁበትን ባለቤቴ እንዲያይ ሳላደርግ አልሄድም።

ስመጣ ጋሼን ወደ ወሰዱበት አፋፍ እኔንም ይውሰዱኝ፤ የነጥቡን ቁጥር ከደብተሮችዎ መካከል ፈልገው ያቆዩልኝ። የሐኪሙን ቀጠሮ እታለም ለመጪው ሳምንት ይዛለች። እምቢ እንዳይሏት፤ መነጽርዎንና የሚወስዷቸውን መድኃኒቶች ሁሉ ይዘው ይሂዱ።

አክባሪ ልጅዎ