የጎደለው ግንዛቤ ብቻ አይደለም

ለተከበረው የዝግጅት ክፍል፣

ስለ ብክለት በተጻፈ ቁጥር መንስኤው «የግንዛቤ እጥረት»፣ መፍትሔውም «ግንዛቤ ማስጨበጥ» ነው የሚለው አስተያየት በጋዜጦች ላይ፣ በእናንተም ገጾች ጭምር፣ ስለሚደጋገም ይህን ለመጻፍ ተነሣሁ። ትምህርት አያስፈልግም አልልም፤ ነገር ግን ብዙው በካይ የሚያደርገውን አሳምሮ ያውቃል።

በጃፓኗ ሚናማታ የደረሰውን ማስታወስ ይበቃል። ቺሶ የተባለው የኬሚካል ኩባንያ ሜርኩሪ ያለበትን ፍሳሽ ወደ ባሕር ይለቅ ነበር፤ ፍሳሹ ያስከተለው የነርቭ በሽታ በይፋ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1956 ነው። በ1959 የኩባንያው ሆስፒታል ሐኪም ፍሳሹን ከምግብ ጋር ለድመት ሰጥቶ ድመቷ በዚያው በሽታ ስትያዝ ተመለከተ፤ ኩባንያው ግን ውጤቱን ደብቆ እስከ 1968 ድረስ መልቀቁን ቀጠለ። በእነዚያ ዘጠኝ ዓመታት የጎደለው ዕውቀት አልነበረም። ፍሳሹን ማጣራት ለኩባንያው ወጪ ነበር፤ አለማጣራቱም ወጪ ነበረው፣ ይህኛውን የከፈሉት ግን ዓሣ አጥምደው የሚያድሩ ቤተሰቦች ናቸው። የከተማዋ ኑሮ በፋብሪካው ላይ የተንጠለጠለ ስለነበረም፣ አቤት ያሉት ሕመምተኞች በገዛ ጎረቤቶቻቸው ዘንድ እንደ እንጀራ ዘጊ ታዩ። ብክለትን ዕድሜ የሚሰጠው ይህ ጥገኝነት ይመስለኛል።

እንግሊዛዊው የምጣኔ ሀብት ሊቅ አርተር ፒጉ አምራቹ ያልከፈለው፣ ሌላው የሚሸከመው ጉዳት በግብር መልክ ወደ አምራቹ ሊመለስ እንደሚገባ ካስረዳ መቶ ዓመት አልፎታል። እ.ኤ.አ. በ1992 በሪዮ ከተማ በተካሄደው የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ጉባኤ የወጣው የሪዮ መግለጫ 16ኛ መርህም በካዩ ወጪውን «በመርህ ደረጃ» ሊሸከም ይገባል ይላል፤ «በመርህ ደረጃ» የምትለዋን ልብ ይሏል።

በካዩ ራሱ ድሃ ሲሆንስ? በዓለም ላይ ከ2 ቢሊዮን በላይ ሰዎች በእንጨት፣ በኩበት ወይም በከሰል ያበስላሉ። ጭሱ ዓይኗን እያስለቀሳት የምታበስል እናት የጭስን ጉዳት የሚነግራት ሰው አያሻትም፤ ያጣችው አቅሟ የሚፈቅደውን ሌላ ማገዶ ነው።

ስለዚህ ዘጋቢዎቻችሁ ስለ ተበከለ ወንዝ ሲጽፉ፣ ፍሳሹን ማጣራት ባለቤቱን ስንት እንደሚያስወጣው፣ ባለማጣራቱም ምን ያህል እንዳተረፈና ያንን ዕዳ አሁን ማን እየከፈለው እንደሆነ ጠይቀው ቢያሳውቁን እወዳለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ አንባቢያችሁ