ደረሰኙ ላይ «ፍሬን ሸራ» ብቻ አይጻፍ

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍላችሁ ከአዳማ ነው። የሁለተኛ ደረጃ መምህርት ነኝ። እ.ኤ.አ. በ1982 የተሠራች ቶዮታ ኮሮላ ዲኤክስ እነዳለሁ። ሰሞኑን ስለ መኪና አደጋ የጻፋችሁትን አነበብኩት። መኪናው አርጅቶ ነው፣ ሹፌሩ ፈጥኖ ነው፣ መንገዱ ተበላሽቶ ነው ይላል። ሁሉም ልክ ነው። አንድ ነገር ግን ቀርቷል፦ መለዋወጫው። እኔን ሊገድለኝ የነበረው የመኪናዬ እርጅና አይደለም። ከካርቶን የወጣ አዲስ ፍሬን ሸራ ነው።

መኪናዋ የአባቴ ነበረች። ሲገዛት እኔ ሰባተኛ ክፍል ነኝ። ያኔም ያገለገለች ነበረች። በየዓመቱ ለታኅሣሥ 19 ቁልቢ ገብርኤል ትወስደናለች። ስድስት ሰው፣ አንድ ጀሪካን ውኃ፣ በነጠላ የተጠቀለለ ድፎ ዳቦ። ሜኤሶን አልፈን ወደ አሰበ ተፈሪ መውጣት ስንጀምር አባቴ ሬዲዮውን ያጠፋል። ሞተሩን መስማት ስለሚፈልግ ነው። የአርበረከቴን ዳገት በሁለተኛ ማርሽ ቀስ ብላ ትወጣዋለች። የሙቀት መለኪያዋ ግማሽ ላይ እንደቆመ ነው። ከእሷ አዳዲስ የሆኑ መኪኖች ኮፈናቸውን ከፍተው ዳር ይዘው እናያቸዋለን። «ገብርኤል ይጠብቃታል» ይላል አባቴ። እናቴ ደግሞ «እሱስ ይጠብቃታል፣ አንተም ዘይቷን በጊዜ ትቀይርላታለህ» ትለዋለች።

ዲኤክስ ለምን እንዲህ እንደተወደደች የገባኝ አባቴ ካረፈ በኋላ እኔው መንዳት ስጀምር ነው። ሞተሯ ፎር ኬ የሚባለው፣ 1,290 ሲሲ ነው። ኮምፒውተር የላትም፣ ነዳጁን ከአየር የሚቀላቅልላት ካርቡራተር ነው። ኮፈኑ ሲከፈት ሁሉም ነገር ቁልጭ ብሎ ይታያል። ሞተሩ ዙሪያ ሁለት እጅ የሚያስገባ ቦታ አለ። ካንዴላ ለማውጣት ሌላ ምንም አይፈታም። ይህ ሞዴል እ.ኤ.አ. በ1979 ነው የወጣው። የሚገፋት የኋላ ጎማዋ ነው። ከእሷ በኋላ በ1983 የመጣው የቤት ኮሮላ በፊት ጎማ የሚጎተት ሆነ። ሥራው የተቀየረው ያኔ ነው፤ ብዙ አሮጌ መካኒኮች ዛሬም «ከዲኤክስ ወዲህ ያለው ሌላ ነው» የሚሉት በዚህ ምክንያት ይመስለኛል።

መኪናዋን የሚሠራልኝ መካኒክ ከአባቴ ዘመን ጀምሮ ያለ ሰው ነው። ጋሼ ነው የምለው። እሱ «ልጄ» ይለኛል። ጋራዡ ከመናኸሪያው ብዙም አይርቅም። ነፋሱ ሲነሣ አቧራው እንዳይገባ ካርቡራተሩን በጨርቅ ሸፍኖ ነው የሚፈታው። ሥራውን የለመደው በፊያት ነው። አንድ ነገር ሁሌ ይደንቀኛል። መኪናዋ የጃፓን ናት፤ የጋራዡ ቋንቋ ግን የጣሊያን ነው። ካንዴላ፣ ፍሪሲዮን፣ ቴስታታ፣ ጓርኒሲዮን፣ ማርሚታ። ጣሊያን ትቶት የሄደው ቃል የጃፓኑን መኪና ይጠግናል። ቶዮታ አዳማ ላይ አርባ ዓመት የቆየው ፋብሪካው ጎበዝ ስለሆነ ብቻ አይደለም። እንደ ጋሼ ያሉ ሰዎች ስላሉ ነው። ለዚህ ምስጋና ሲጻፍላቸው አይቼ አላውቅም።

አሁን ወደ ፍሬኑ ልመለስ።

አምና በጥቅምት ከአሰላ ለቅሶ ደርሰን ስንመለስ ነው። እናቴና ሁለት ጎረቤቶቻችን አብረውኝ ነበሩ። ኢተያን አልፈን ወደ ዴራ ቁልቁል ስንወርድ ፍሬን ስይዝ ብረት በብረት ሲፋቅ ሰማሁ። ቀጥሎ የተቃጠለ ሽታ መጣ። ፔዳሉን ደግሜ ስረግጠው መኪናዋ ወደ ቀኝ ሳበችኝ እንጂ አልቆመችም። ከፊቴ እንጨት የጫነ የአህያ ጋሪ አለ። ማርሹን ወደ ሁለተኛ መለስኩ፣ የእጅ ፍሬኑን ቀስ በቀስ ሳብኩ። ጋሪውን በክንድ ያህል አልፈን ከአስፋልቱ ወርደን አቧራው ውስጥ ቆምን። እናቴ እስክንቆም ድረስ አንድ ቃል አልተናገረችም። ከቆምን በኋላ በሩን ከፍታ ወረደችና መሬት ላይ ተቀመጠች። እግሯ አልቻለም ነበር።

ሸራው ከተገጠመ ሦስት ሳምንት አልሞላውም። ከመለዋወጫ ሱቅ የገዛሁት እኔ ራሴ ነኝ። የሱቁን ስም አልጠራም። ሻጩ «እህቴ፣ ኦሪጅናል ነው፣ አታስቢ» አለኝ። ካርቶኑ ላይ የቶዮታ ምልክት አለ። ዋጋውም ከኦሪጅናሉ ብዙ የሚያንስ አልነበረም፤ ስለዚህ እንድጠረጥር የሚያደርገኝ ነገር አልነበረም። ደረሰኝ ቆረጠልኝ። ደረሰኙ ላይ የተጻፈው «ፍሬን ሸራ፣ 1» ነው።

ጋሼ በማግስቱ መኪናዋን በክሪክ አንሥቶ የፊት ጎማዎቹን አወጣ። በግራ በኩል ሸራው ከያዘው ብረት ላይ ሙሉ በሙሉ ተላቋል። ብረቱ ባዶውን ነው ዲስኩን ሲፍቀው የነበረው። የቀኙን አውጥቶ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠ። አጠገቡ ከሌላ ኮሮላ የወጣ፣ ያለቀ ኦሪጅናል ሸራ አደረገ። «በጥፍርሽ ጫሪው» አለኝ። ያለቀውን ስጭረው ጥፍሬ አንሸራተተ። የእኔን ስጭረው እንደ ደረቀ አፈር ተፈረፈረ፣ ጥፍሬ ሥር ጥቁር ዱቄት ገባ። ከዚያ ጠርዙን በካቻቪቴ ነካ ሲያደርገው ሸራው ከብረቱ ተገንጥሎ ጠረጴዛው ላይ ወደቀ። መዶሻ አላስፈለገውም።

ወደ ሱቁ ተመለስኩ። ሻጩ አልተጣላኝም፣ አልካደኝምም። «እኛም ከአዲስ አበባ ጅምላ ስንወስድ ኦሪጅናል ብለው ነው የሚሰጡን» አለኝ። አምኜዋለሁ። ፊቱ ላይ የማየው ድንጋጤ ነበር። ግን ገንዘቤን ልጠይቅ ብል ምን ብዬ? ደረሰኙ «ፍሬን ሸራ» ነው የሚለው። ሸራ ደግሞ ሸጦልኛል።

የቶዮታን ታሪክ ማንበብ የጀመርኩት ከዚያ ወዲህ ነው። የአባቴን መኪና የሠራው ማን እንደሆነ ማወቅ ፈለግሁ። ያገኘሁት መኪና ሠሪ ሳይሆን ሸማኔ ነው ብል ይሻላል። ሳኪቺ ቶዮዳ እ.ኤ.አ. በ1867 ተወለደ፣ የአናጢ ልጅ ነው። የመጀመሪያ ፈጠራው የእንጨት የእጅ ሽመና ዕቃ ነው፤ በ1891 የፈጠራ መብት አገኘበት። ለዓመታት ሲያሻሽለው ቆይቶ በ1924 በራሱ የሚሠራ የሽመና ማሽን ላይ ደረሰ። የማሽኑ ትልቁ ነገር ፍጥነቱ አልነበረም። ድር ወይም ማግ ሲበጠስ በራሱ ይቆማል። የእኛ ሸማኔ ክር ሲበጠስ በእጁ ያውቃል፣ ቆም ብሎ ይቀጥላል። ሳኪቺ ያንን የሸማኔ እጅ ነው ብረት ውስጥ ያስገባው። ካልቆመ እኮ ማሽኑ ቀኑን ሙሉ የተበላሸ ጨርቅ ሲሠራ ይውላል።

የማሽኑን መብት በ1929 የእንግሊዙ ፕላት ብራዘርስ በ100,000 ፓውንድ ገዛው። ልጁ ኪይቺሮ መኪና መሥራት ጀመረ። የመጀመሪያው የጭነት መኪናቸው ጂ ዋን በ1935 ወጣ። በየመንገዱ ይሰበር ነበር። ሰዎቻቸው እየሄዱ ይጠግኑ ነበር፣ የተሰበረውን እያዩ ያርሙ ነበር። «ቶዮዳ» የሚለው የቤተሰቡ ስም በ1936 «ቶዮታ» ሆነ፤ በጃፓን ፊደል ሲጻፍ ስምንት ጭረት ስለሚሆን፣ ስምንት ደግሞ እነሱ ዘንድ የመልካም ዕድል ቁጥር ስለሆነ ነው። ኩባንያው ራሱን ችሎ የቆመው በ1937 ነው። ኮሮላ በ1966 ተወለደች። ስሟ ከላቲን የመጣ ነው፣ የአበባ ጉንጉን ማለት ነው። በ2021 በዓለም ላይ የተሸጡት ኮሮላዎች 50 ሚሊዮን ደረሱ። የአባቴ መኪና ከእነዚያ አንዷ ናት።

ቶዮታ አይሳሳትም ለማለት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2009 እና በ2010 በነዳጅ ፔዳልና በወለል ምንጣፍ ችግር በሚሊዮን የሚቆጠሩ መኪኖች ለጥገና ጠርቷል። የኪይቺሮ የልጅ ልጅ አኪዮ ቶዮዳ በየካቲት 2010 የአሜሪካ ምክር ቤት ፊት ቀርቦ ይቅርታ ጠይቋል። እኔ ግን ከዚህ ታሪክ የወሰድኩት ሌላ ነገር ነው። መኪኖቹን መልሶ መጥራት የተቻለው እያንዳንዷ መኪና የሻንሲ ቁጥር ስላላት፣ ዕቃው የማን እንደሆነ፣ መቼና የት እንደተሠራ ስለሚታወቅ ነው። ወረቀት አለው። ክሩ ሲበጠስ ማሽኑን ማቆም ይቻላል። የእኔ ፍሬን ሸራ ግን ማን እንደሠራው አይታወቅም። ከዚያው ካርቶን ሌሎች ስንት ሰዎች እንደገዙ አይታወቅም። ዛሬም ዴራ ቁልቁለት ላይ የሚወርድበት ሰው ይኖራል።

እና ጥያቄዬ ይህ ነው። የመለዋወጫ ሱቅ በደረሰኙ ላይ የዕቃውን ስም ብቻ ሳይሆን ዓይነቱንም ይጻፍ። ሦስት ነገር ነው ያለው። አንዱ የቶዮታ የራሱ ኦሪጅናል ነው። ሁለተኛው ሌላ ፋብሪካ በራሱ ስም የሠራው ነው። ይህ በራሱ ነውር አይደለም፣ የታወቀ ስም ያላቸው ጎበዝ ሠሪዎች አሉ። ሦስተኛው ከተፈታ መኪና የወጣ ያገለገለ ዕቃ ነው። ጋሼ «ከፎርጅድ አዲስ ያገለገለ ኦሪጅናል» ይላል። ለዲናሞና ሞተሩን ለሚያስነሣው ሞተሪኖ እኔም እስማማለሁ፣ ለፍሬን ግን አልስማማም። ሻጩ ከሦስቱ አንዱን ጽፎ፣ የዕቃውን ቁጥር አስፍሮ ይፈርም። ሦስቱም ውስጥ የማይገባ ዕቃ ካለው መጻፍ ይቸግረዋል። ጅምላ ነጋዴውንም በተራው «አንተም ጻፍልኝ» ይለዋል።

አዲስ ሕግ አውጡ እያልኩ አይደለም። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማች ስለሚገዛው ዕቃ ጥራትና ዓይነት በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት እንዳለው ይናገራል። መረጃው በአፍ ከሆነ ግን እኔና ሻጩ ብቻ ነን የሰማነው። «ኦሪጅናል ነው፣ አታስቢ» ያለኝን የሰማ ሰው የለም።

«አሮጌውን መኪና ትተሽ አዲስ ግዢ» የሚሉኝ ሰዎች አሉ። በመምህር ደመወዝ ማለት ነው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያገለገሉ መኪኖች ላይ ከባድ ታክስ ጣለ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከለከለ። ለምን እንደሆነ ይገባኛል፣ የውጭ ምንዛሪው ነገር ይገባኛል። ግን አገር ውስጥ ያለው ዲኤክስ፣ ቪትዝ፣ ያሪስ፣ ዶልፊን የሚባለው ሚኒባስ ነገ አይጠፋም። ገና ብዙ ዓመት ይሠራል። በየቀኑ ከአዳማ አዲስ አበባ የሚመላለሰውን ሕዝብ የሚያጓጉዘው እሱ ነው። ስለዚህ የመለዋወጫው ነገር ከበፊቱ የበለጠ እንጂ ያነሰ አያሳስብም። አንድ የሥራ ባልደረባዬ ቪትዝ አለችው። በሰባት ወር ውስጥ የዘይት ፊልትሮ ሁለት ጊዜ አፍስሶበታል። ለእሱ ኪሳራ ነው። ፍሬን ላይ ሲሆን ግን የሰው ነፍስ ነው።

ስለ አደጋ ስትጽፉ ትራፊክ ፖሊስን ጠይቃችኋል፣ መንገዶች ባለሥልጣንን ጠይቃችኋል። እባካችሁ ቀጥሎ መካኒኮችን ጠይቁ። የአዳማን ብቻ አይደለም፣ የአዲስ አበባውን መለዋወጫ ገበያ፣ የሶማሌ ተራን ነጋዴዎችም ጠይቁ። ቦሎ ሲታደስ ፍሬኑ ይያዝ አይያዝ ይለካል፣ የተገጠመው ሸራ ምን እንደሆነ የሚጠይቅ ግን አላጋጠመኝም።

ሁለቱን ሸራዎች አልጣልኳቸውም። ከደረሰኙና ከካርቶኑ ጋር ጠቅልዬ መኪናዋ ውስጥ አስቀምጫቸዋለሁ። ዘጋቢ ወደ አዳማ ብትልኩ ጋሼ ጋራዥ ይዤው እሄዳለሁ። ቅዳሜ ከሰዓት ሁሌም እዚያ ነኝ። ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠንለት በጥፍሩ ይጫረው።

ከአክብሮት ጋር፣
የኮሮላ ባለቤት የሆነች መምህርት፣ ከአዳማ