«ዳልቻ» ስል ለሚጨብጠው እጄ

ባሕር ዳር ገበያው አካባቢ የምሠራ ልብስ ሰፊ ነኝ። የወፍጮ ቤት ቺንጋ ግራ እጄን ከክርን በታች ከወሰደው ሦስት ዓመት አለፈ። ስለዚያ ቀን ብዙ አልጽፍም። ቺንጋው መከለያ አልነበረውም፤ በቃ።

ከዚያ በኋላ ያገኘሁት እጅ ለመልክ ብቻ ነበር። እጅጌ ይሞላል፣ ሌላ ሥራ የለውም። የጡንቻን ምልክት እያነበበ የሚንቀሳቀሰው የውጭ እጅ ደግሞ በሺዎች በሚቆጠር ዶላር ነው የሚሸጠው። የስፌት መኪናዬ ቢሸጥ አንድ ጣቱን አይገዛም።

የኢንጂነሪንግ ተማሪዎቹ ሱሪ ሊያሳጥሩ ነበር የመጡት። አንዷ ጨርቁን በጥርሴ ይዤ ስቆርጥ አየችኝ። ምንም ሳትል ወጣች። በሳምንቱ ሦስት ሆነው መጡና ክንዴን በራሴው ሜትር ለኩት።

የሠሩልኝ እጅ በስሪ ዲ ፕሪንተር፣ ማለትም ፕላስቲክ አቅልጦ በንብርብር ቅርጽ በሚያወጣ ማሽን፣ የታተመ ፕላስቲክ ነው። መነሻ ንድፉ ኢንሙቭ ይባላል፤ ፈረንሳዊው ጋኤል ላንዥቫን እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ ሲሠራበት የቆየና በነፃ ያካፈለው ነው። አማርኛ ባያነብም ምስጋናዬ ይድረሰው። ጣቶቹን እንደ ጅማት የሚስባቸው የዓሣ ማጥመጃ ናይለን ነው። ናይለኑ እየተበጠሰ ሲያስቸግረን አንድ የጣና ዓሣ አስጋሪ ጠንከር ያለውን ከራሳቸው ጥቅል ቆርጠው ሰጡን፤ አስተሳሰሩንም አሳዩን። ጋሼ፣ ቋጠሮዎ እስካሁን አልላላም።

ትእዛዝ የምትሰማው ማይክሮፎን ያላት ትንሽ የኤሌክትሮኒክስ ካርድ ናት። ቃሉን በራስህ ድምፅ ደጋግመህ ታስቀዳታለህ፤ ስትሰማው ሞተሮቹን ታንቀሳቅሳለች። መጀመሪያ «ያዝ» እና «ልቀቅ» ብለን ቀዳን። ጎረቤቴ የእህል መጋዘን መሆኑን ማን አስታወሰ! ወዛደሮቹ ጆንያ ሲያወርዱ «ያዝ!» «ልቀቅ!» ይባባላሉ። አንድ ጠዋት እጄ ከእነሱ ጋር ሥራ ገባ፤ ለደንበኛ ያነሳሁት ቡና ከነሲኒው መሬት ቀረ።

ስለዚህ ገበያ ውስጥ ማንም የማይጠራው ቃል ፈለግን። የአባቴ በሬዎች ትዝ አሉኝ። አሁን «ዳልቻ» ስል ይጨብጣል፣ «ቡላ» ስል ይለቃል። አዲስ ደንበኛ ሲገባ ይሰፋል ወይስ ያርሳል ብሎ ግራ ይገባዋል።

ችግር የለበትም አልልም። ሞተሩ ያቃስታል፣ ሙሉ ጀሪካን አያነሳም፣ ጉንፋን ሲይዘኝ ድምፄን አያውቀውም። ፀሐይ ላይ ከቆመ መኪና ውስጥ እንዳልተወውም ተነግሮኛል፤ ፕላስቲኩ 60 ዲግሪ አካባቢ ይለሰልሳል። ግን ጨርቁን ወጥሮ ይይዝልኛል፣ መቀሱን ቀኝ እጄ ይጨርሰዋል። ጥርሴ አረፈ።

ለሞተርና ለባትሪው ብር ሲያጥር ዕጣችሁን ለእኔ የለቀቃችሁ ዕቁብተኞቼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ባለቤቴ፣ ሦስት ዓመት የሸሚዜን ቁልፍ የቆለፍሽልኝ፣ ላንቺ የምለውን ቤት እነግርሻለሁ።

ልጆች፣ ምርቃታችሁ ቀርቧል። ሱፋችሁን የምሰፋው እኔ ነኝ፤ ዋጋ የሚጠይቀኝ እንዳይኖር። ቅዳሜ ከሰዓት ለልክ ኑ። የሜትሩን ጫፍ ዳልቻ ይይዛል።