ለልጄ፦ ማጉያውን ከመስጠትሽ በፊት

ይድረስ ለልጄ፣

እንደምን ሰነበትሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን፤ የድሬ ሙቀት ብቻ ነው ያስቸገረን። ሐረር ላይ የሎው ቪዥን ክፍል (እይታቸው በሕክምናም በመነጽርም ያልተስተካከለላቸው ሰዎች በማጉያና በመሰል ዕቃ የሚረዱበት) ልትከፍቱ መሆኑን ስሰማ ደስ አለኝ። በስልክ የተባለ ይረሳልና ዋናውን ልጻፍልሽ።

እንዲህ ያለ ክፍል የሚበላሸው በባለሙያና በባለሙያ መካከል ነው። ሐኪሙ ያየውን አንቺ አታውቂም፣ አንቺ የሰጠሽውን መምህሩ አያውቅም፤ ማጉያውም ቁም ሣጥን ውስጥ ይቀራል።

ከሐኪሙ ጀምሪ። በ2006 እ.ኤ.አ. የወጣው አገር አቀፍ የዓይን ጥናት እንዳሳየው ከዝቅተኛ እይታ ምክንያቶች 42.3 በመቶው የዓይን ሞራ፣ 33.4 በመቶው በመነጽር የሚስተካከል ጉድለት ነው። ስለዚህ "አያይም" ተብሎ ከሚላክልሽ ብዙው ሰው የሚፈልገው ቀዶ ሕክምና ወይም ተራ መነጽር ነው። ሎው ቪዥን የምንለው ሕክምናውም መነጽሩም ተሞክሮ በተሻለው ዓይኑ ከ6/18 (ጤነኛ ዓይን በ18 ሜትር የሚለየውን በ6 ሜትር ከመለየት) በታች የሚያየውን፣ ወይም የእይታ ክልሉ ከመሃል ከ10 ዲግሪ ያነሰበትን ነው። ሪፈሩ ላይ ይህ ካልተጻፈ ሰውዬውን አታመላልሺ፤ ራስሽ ደውለሽ ጠይቂ።

ስትለኪም 6/60 ለሚያይ ሰው ሌንሱን በ0.25 ዳዮፕተር (የሌንስ ኃይል መለኪያ) እየቀያየርሽ "ይሄ ይሻላል ያ?" ብትይው ልዩነቱ አይታየውም። በፕላስና በማይነስ 1.00 ጀምሪ፤ የመለኪያውን የፊደል ሰሌዳም ወደ 2 ወይም ወደ 1 ሜትር አቅርቢው። "ጣት ይቆጥራል" ብሎ መጻፍ ለሚቀጥለው ባለሙያ ምንም አይነግረውም።

ካርድ የምታወጣውን ነርስ አትናቂያት። "ምን መሥራት አቃተዎት?" ብላ ጠይቃ መልሱን በሕመምተኛው አነጋገር ካርዱ አናት ላይ ትጻፍ። ጁገል ውስጥ ስፌት የምትሰፋ እናት መጣች እንበል፤ እይታዋ 6/60 ነው። 60ን ለ6 ስታካፍይ 10 ይመጣል፤ ለጋዜጣ +10 ዳዮፕተር ሌንስ መነሻ ይሆንሻል። ግን +10 የሚሠራው በ10 ሳንቲ ሜትር ርቀት ነው፤ እዚያ ላይ ወስፌ ይዛ ብትሰፋ ዓይኗን ትወጋለች። የእጅ ማጉያም አይሆናትም፤ አንዱ እጇ ወስፌውን፣ ሌላው ስፌቱን ይዟል። +5 ብትሰጫት በ20 ሳንቲ ሜትር ትሠራለች፤ አክርማው ከጋዜጣ ፊደል ስለሚተልቅ ብዙ ጊዜ ይበቃታል። ጭኗ ላይ ጥቁር ጨርቅ ታንጥፍ፣ መብራቱ በሚሻለው ዓይኗ በኩል ከጎን ይምጣ። (ለንባብ ብለሽ በሁለቱም ዓይን +10 ካዘዝሽ በእያንዳንዱ 12 ቤዝ ኢን ፕሪዝም (ወፍራም ጎኑ ወደ አፍንጫ የሆነ፣ ብርሃን የሚያጥፍ መስታወት) ይግባበት፤ አለዚያ ነገሩ ሁለት ሆኖ ይታያታል።) ካርዱ ላይ "ስፌት" ባይጻፍ ኖሮ +10 ይዛ ትሄድ ነበር።

ግላኮማ (የእይታ ነርቭን እየጎዳ የእይታ ክልልን ከዳር የሚያጠብብ በሽታ) ላይ ጥፋቱ ሌላ ነው። ሐኪሙ "6/24" ብቻ ጽፎ የእይታ ክልሉን ካልነገረሽ ትልቅ ማጉያ ትሰጪያለሽ፤ ፊደሉ ከጠበበው ክልል ይወጣና ሰውዬው "ጭራሽ ጠፋብኝ" ይላል። የሚረዳው ጥሩ ብርሃንና የነጭ በትር ሥልጠና ነው። በትሩ ቁመቱ እስከ ደረት አጥንቱ ይድረስ፤ አሠልጣኙም ኮሪደር ላይ ሳይሆን በሰውዬው ሰፈር፣ በጁገል ጠባብ መንገድና ደረጃ ላይ ያለማምደው።

አንዳንዱ እይታው በጣም የደከመ ሰው የሌለ ሰው፣ አበባ፣ እንስሳ ይታየዋል። ቻርልስ ቦኔት ሲንድሮም ይባላል፤ ከዓይን የቀረውን አንጎል በራሱ ሲሞላው የሚመጣ ነው እንጂ እብደት አይደለም። ሽማግሌዎቻችን ጂን ያዘው እንዳይባሉ ይደብቁታል። ይህን የመጠየቁን ሥራ ለማኅበራዊ ሠራተኛዋ ስጫት፤ የሚታየው ነገር እውን አለመሆኑን ራሱ ካላወቀ ግን ወደ አእምሮ ሐኪም ይላክ።

አልቢኒዝም ላለበት (ቆዳው፣ ጸጉሩና ዓይኑ ቀለም ለሚያንሰው፣ ብርሃን ለሚያስቸግረው) ተማሪ ሰሌዳ የሚያነብበት ባለ 4 እጥፍ ቴሌስኮፕ ሰጥተሽ ለትምህርት ቤቱ ካልጻፍሽ፣ መምህሩ መጫወቻ መስሎት ይነጥቀዋል። ደብዳቤው አጭር ይሁን፦ ፊት ይቀመጥ፣ ጀርባውን ለመስኮት ይስጥ፣ ክፍል ውስጥም ኮፍያ ይፈቀድለት፤ ደብተሩን አፍንጫው ድረስ ቢያስጠጋ ዓይኑን አይጎዳውም።

ዕቃውን መጀመሪያ ለሁለት ሳምንት አውሺ እንጂ አትሽጪ። በሳምንት አንዴ ግማሽ ሰዓት ካርዶቹን ይዛችሁ አብራችሁ ተቀመጡ፤ ከወረፋው በፊት ጠዋት ይሁን፣ የእኛን አገር ከሰዓት ታውቂዋለሽ። ሐኪሙ ካልተመቸው ቀኑን ቀይሩለት እንጂ ያለ እሱ አታድርጉት። የመምህሩን ደብዳቤ ናሙና በሚመጣ ሰው እልክልሻለሁ።

አባትሽ
ከድሬዳዋ