“ሆዴን ኦፕራሲዮን ሆኜ ትከሻዬን ምን አገኘው?” የድጋፍ ጥሪ

አክስቴ የሐሞት ከረጢቷን በላፓሮስኮፒ (በትናንሽ ቀዳዳዎች ካሜራና መሣሪያ አስገብቶ በሚሠራ ቀዶ ጥገና) ያስወጣች ዕለት ማታ ነው እንዲህ ያለችኝ። ቀኝ ትከሻዋን በግራ እጇ ጨብጣ ይዛለች። ሆዷ ላይ ያሉትን አራት ትናንሽ ፕላስተሮች ረስታቸዋለች። “ልቤ ነው፤ አትደብቂኝ” ትለኛለች። የምደብቃት ነገር አልነበረኝም። ምንም አላውቅም ነበር። ከኦፕራሲዮኑ በፊት በሰጧት ወረቀት ላይ መልሱ ተጽፏል። ግን እሷ በማታነበው ቋንቋ ነው፤ እኔም ብሆን የሕክምና ቃላቱ አልገቡኝም። ሌሊቱን ሁለታችንም ዓይናችንን ሳንከድን አነጋን።

ጠዋት የገባችው ነርስ በጥቂት ቃላት ገላገለችን። በላፓሮስኮፒ ጊዜ ሆድ በካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋዝ ይነፋል። ካልተነፋ ካሜራውና መሣሪያዎቹ የሚንቀሳቀሱበት ቦታ አይኖርም። ጋዙ ድያፍራምን፣ ማለትም ሆድን ከደረት የሚለየውን ጡንቻ፣ ይወጥረዋል፤ ያስቆጣዋል። የድያፍራም ነርቭ ደግሞ የሚነሳው ከአንገት ነው። የትከሻ ቆዳ ነርቮችም ከዚያው አካባቢ ይወጣሉ። ስለዚህ አንጎል ይምታታበታል፤ ሕመሙ ከትከሻ የመጣ ይመስለዋል። ብዙ ጊዜ በጥቂት ቀናት ይለቃል። (ትንፋሽ የሚያሳጥር ወይም ደረት ላይ የሚጫን ሕመም ካለ ግን ነገሩ ሌላ ሊሆን ይችላል፤ ወዲያውኑ ሐኪም መጥራት ነው።) አክስቴ ይህን ስትሰማ እጇን ከትከሻዋ ላይ አነሳች። ሕመሙ አልጠፋም። ፍርሃቱ ግን ሄደ።

ዛሬ እጄን ወደ እናንተ የምዘረጋው ከዚያ ሌሊት የተነሳ ነው።

ጥቂት ሰዎች ተሰባስበን፣ በትንሽ ቀዳዳ ስለሚሠራ የሆድና የአንጀት ቀዶ ጥገና ምርምሩ የት እንደደረሰ በአማርኛ የሚያስረዳ ክፍት ማኅደር እያዘጋጀን ነው። ቀዶ ሐኪሞች አሉን፣ ነርሶች አሉን፣ ተርጓሚዎች አሉን። ማንም ሰው በነጻ ያነበዋል፣ ያዳምጠዋል፣ አባዝቶ ለሌላ ይሰጠዋል። ግማሹ ለታካሚና ለቤተሰብ ነው። ግማሹ ለሠልጣኝ ሐኪሞችና ነርሶች። እስካሁን በትርፍ ሰዓታችንና በኪሳችን ተጉዘናል። ከዚህ በኋላ ግን ያለ እናንተ አንገፋውም።

“ምርምሩ ለምን አስፈለገ? አጭር መመሪያ አይበቃም ወይ?” ብለው የጠየቁን አሉ። ተገቢ ጥያቄ ነው። መልሴ ትንሽ ይረዝማል። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ጀርመናዊው ቀዶ ሐኪም ኤሪክ ሙሄ በ1985 የመጀመሪያውን የላፓሮስኮፒ የሐሞት ከረጢት ቀዶ ጥገና ሠራ። በዓመቱ ለሀገሩ ቀዶ ሐኪሞች ጉባኤ ሲያቀርበው ናቁት። ያው ማኅበር በ1992 ሸለመው። ከእሱ 5 ዓመት ቀድሞ ኩርት ዜም የተባለ የማህፀን ሐኪም ትርፍ አንጀትን በዚሁ መንገድ አውጥቶ የወቀሳ መዓት ወርዶበታል። ይህን ታሪክ ብዙ ሰው የሚያወራው ሁለቱን ለማወደስ ነው። ይገባቸዋል። እኔን የሚይዘኝ ግን ቀጥሎ የሆነው ነው። የፈሩት ሰዎች ፍርሃታቸው ሁሉ ከንቱ አልነበረም።

አዲሱ ዘዴ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ዓለምን አዳረሰ። ሕመሙ ቀነሰ፤ ታካሚው ቶሎ ወደ ቤቱ ገባ። ግን የሐሞት ቱቦ ጉዳት በዛ። በክፍት ቀዶ ጥገና ከ1,000 ታካሚዎች በ1 ወይም በ2ቱ ላይ ይደርስ የነበረው፣ በላፓሮስኮፒ የመጀመሪያ ዓመታት ወደ 5 ገደማ አሻቀበ። ቁጥሩ ትንሽ ይመስላል። ቱቦው የተቆረጠበት ሰው ግን ዕድሜ ልኩን ከጉበት ችግር ጋር ሊኖር ይችላል። ምክንያቱስ? በ2003 የታተመ ጥናት 252 ጉዳቶችን አንድ በአንድ መረመረ። በ97 ከመቶው የስህተቱ መነሻ የእጅ ድክመት አልነበረም። የዓይን መታለል ነው። ሐኪሙ ዋናውን የሐሞት ቱቦ የከረጢቱ ቱቦ ነው ብሎ አምኖ ነው የቆረጠው።

መፍትሔውም ከምርምር መጣ። ቀዶ ሐኪሙ ስቲቨን ስትራስበርግና ባልደረቦቹ በ1995 ያስቀመጡት ደንብ ቀላል ነው። ከመቁረጥህ በፊት አካባቢውን ከስብና ከሽፋን አጽዳ። የከረጢቱን ታችኛ ክፍል ከጉበት ላይ አላቅቅ። ወደ ከረጢቱ የሚገቡ ሁለት ነገሮች ብቻ፣ አንድ ቱቦና አንድ የደም ሥር፣ ወለል ብለው እስኪታዩህ ድረስ መቀስ አታንሳ። አልታይ ካለህ አቁም፤ ሰው ጥራ፤ ወይም ወደ ክፍት ቀዶ ጥገና ዙር። ይህን ደንብ በአማርኛ ምን እንበለው ብለን ቀናት ተከራክረናል። ለጊዜው “የደህንነት ዕይታ” ላይ ቆመናል። የተሻለ ካላችሁ ላኩልን፤ ከልቤ ነው።

እንዲህ ያለውን ነገር አጭር መመሪያ አይነግርም። መመሪያ “አድርግ” ይላል። ምርምሩ ለምን እንደሆነ ይናገራል። ለምኑን የሚያውቅ ሰው ደግሞ ሲቸኩል እንኳ አይዘለውም።

ካንሰርንም እንመልከት። በ1990ዎቹ ካሜራው የገባበት ቀዳዳ ላይ ካንሰሩ ይበቅላል የሚል ከባድ ስጋት ነበር። በ2004 የታተመው የአሜሪካ ጥናት 872 የትልቁ አንጀት ካንሰር ታካሚዎችን በዕጣ ከፈለ። በ3 ዓመት ካንሰሩ የተመለሰባቸው በላፓሮስኮፒው 16 ከመቶ፣ በክፍቱ 18 ከመቶ ነበሩ። ስጋቱ ረገበ። ወደ ታች ወርደን የፊንጢጣ አንጀትን ስናይ ግን ነገሩ ይወሳሰባል። በ2015 የወጡ ሁለት ጥናቶች የተቆረጠውን አካል ጥራት መዝነው “ላፓሮስኮፒው ከክፍቱ እንደማያንስ ማረጋገጥ አልቻልንም” አሉ። በዚያው ዓመት 1,044 ታካሚዎችን የተከታተለ ሌላ ጥናት ደግሞ በ3 ዓመት ካንሰሩ በቦታው የተመለሰባቸው በሁለቱም ወገን 5 ከመቶ መሆናቸውን ዘገበ። ከእነዚህ ውስጥ አንዱን ብቻ የሰማ ቤተሰብ ወይ በከንቱ ይፈራል፣ ወይ በከንቱ ይተማመናል። ሦስቱንም ጎን ለጎን አድርጎ፣ ልዩነታቸውን በሰው አማርኛ የሚያስረዳ ገጽ ነው እያዘጋጀን ያለነው።

እኔን ከሁሉም በላይ ያሳመነኝ ግን በ2013 ከሚሺጋን የወጣው ጥናት ነው። 20 የክብደት መቀነሻ ቀዶ ሐኪሞች አንድ አንድ ቪዲዮ ላኩ። ባልደረቦቻቸው ማን እንደሠራው ሳያውቁ እያዩ ለእጃቸው ነጥብ ሰጡ። ከዚያ ነጥቡ ከታካሚዎቹ ውጤት ጋር ተያየ። ዝቅተኛ ነጥብ ባገኘው ሩብ፣ ከ100 ታካሚዎች 14 ወይም 15ቱ ችግር ገጥሟቸዋል። ከፍተኛ ባገኘው ሩብ 5ቱ። ያው ቀዶ ጥገና፣ ሌላ እጅ። እጅ ደግሞ ይሠለጥናል። በ2002 በተደረገ ጥናት በሲሙሌተር (በኮምፒውተር ማለማመጃ) የተለማመዱ ሬዚደንቶች፣ ማለትም ስፔሻሊስት ለመሆን የሚሠለጥኑ ሐኪሞች፣ የሐሞት ከረጢትን ከጉበት ሲለዩ 29 ከመቶ ፈጥነዋል፤ ስህተታቸውም ካልተለማመዱት በብዙ እጥፍ ያነሰ ነበር።

መለማመጃው ውድ መሆን የለበትም። ከእኛ ጋር የምትሠራ አንዲት ሬዚደንት ያላት አንድ የካርቶን ሣጥን ነው። ክዳኑ ላይ ሁለት ቀዳዳ አለው። ውስጡ ትንሽ አምፖልና የኮምፒውተር ካሜራ። ከሥራ ስትወጣ ሁለት ያረጁ መቆንጠጫዎችን ታስገባና ስክሪኑን እያየች ስድስት የጎማ ቀለበቶችን ከግራ ችካሎች ወደ ቀኝ ታሻግራለች። እያንዳንዱን አየር ላይ ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው መቀበል አለባት። ከዚያ ሁሉንም ትመልሳለች። እኔም ሞከርኩት። እጄን ወደ ቀኝ ሳደርግ ጫፉ ወደ ግራ ይሄዳል፤ ቀዳዳው እንደ ሚዛን ምሰሶ ስለሚሆን። ዓይን ስክሪን ላይ፣ እጅ ሌላ ቦታ። ጥልቀቱ አይታይም። የመጀመሪያዋ ቀለበት ከእጄ አመለጠች። ሁለተኛዋም። እሷ ግን እየሠራች ታወራኛለች። ለአራት ወር በየማታው ሣጥኑ ፊት ተቀምጣለች። ይህንን ሣጥን አሠራሩን፣ ልምምዶቹንና የነጥብ አሰጣጡን በአማርኛ ቪዲዮ ማዘጋጀት እንፈልጋለን። ሣጥን መሥራት ለማይችሉ ሠልጣኞችም ሠርተን መላክ።

ስለ ሮቦትም ብዙ ሰው ይጠይቀናል። ሐኪሙ ኒው ዮርክ፣ ታካሚዋ ፈረንሳይ ስትራስቡርግ ሆነው የሐሞት ከረጢት በሮቦት ከወጣ እነሆ ከ2001 ጀምሮ ስንት ዓመት ሆነው። አስደናቂ ነገር ነው። ሆኖም በ2017 የወጣ፣ 471 የፊንጢጣ አንጀት ካንሰር ታካሚዎችን ያነጻጸረ ጥናት፣ ሮቦቱ ከተለመደው ላፓሮስኮፒ ይልቅ ወደ ክፍት ቀዶ ጥገና የመዞርን ዕድል በግልጽ ቀንሷል ለማለት አልቻለም። ይህንንም ያንንም እንጽፋለን። ለዚህ ስንል ከመሣሪያ አምራቾች ገንዘብ ላለመቀበል ወስነናል። ስለ ዕቃው እየጻፍክ ከሻጩ ደሞዝ መቀበል አይሆንም። ስለዚህም ነው ወደ እናንተ የመጣነው።

ገንዘቡ የሚውለው እዚህ ላይ ነው። ትልቁ ወጪ ሥዕል ነው። ሐሞትን፣ ቱቦውን፣ ድያፍራሙን አጥርቶ የሚስል ሰው ይፈልጋል፤ ሥራው ደግሞ በነጻ ሊጠየቅ የማይገባ ሥራ ነው። ቀጥሎ የድምፅ ቀረጻ አለ፤ ማንበብ ለማይችሉ ሰዎች ሁሉም ገጽ እንዲነበብ እንፈልጋለን። ከዚያ የቪዲዮ ማስቀመጫ፣ የመግለጫ ጽሑፍ፣ የልምምድ ሣጥኖቹ ዕቃ። የሐኪሞቹና የነርሶቹ ጊዜ በነጻ ነው። የቀዶ ጥገና ቪዲዮ የምንጠቀመው ታካሚው ፈቅዶ ማንነቱ ከጠፋ ብቻ ነው። የገባውንና የወጣውን በየሦስት ወሩ እናወጣለን፤ ማንም ሰው ሊመረምረው ይችላል።

በየወሩ ትንሽ መስጠት አንድ ጊዜ ብዙ ከመስጠት ይበልጥ ይጠቅመናል። ሠዓሊዋን “ቀጥይ” ማለት የምንችለው የሚቀጥለው ወር ሲታወቅ ነው። ገንዘብ የሌላችሁም አላችሁ፤ እናውቃለን። የሕክምና ባለሙያ ከሆናችሁ አንድ ገጽ አርሙልን። ጥሩ ድምፅ ካላችሁ አንብቡልን። ኦፕራሲዮን ሆናችሁ ታውቁ እንደሆነ ደግሞ ያልነገሯችሁንና ያስፈራችሁን ንገሩን። ስማችሁን አንጽፍም። የሚቀጥሉትን ገጾች የምንመርጠው ከዚያ ነው።

የመጀመሪያው ሥራ ተመርጧል። “ከላፓሮስኮፒ በኋላ ትከሻ ለምን ያማል” የሚል፣ ከአንድ ሥዕል ጋር የሁለት ደቂቃ ድምፅ ነው። ጽሑፉ ታርሟል፣ ሥዕሉ ግማሽ ላይ ደርሷል፤ የቀረጻው ወጪ ነው የቀረን። ከመውጣቱ በፊት አክስቴ ታዳምጠዋለች። ያልገባትን ቃል ካገኘች እንደገና እንቀርጸዋለን።