ለጉንፋን አንቲባዮቲክ?

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

ባለፈው ሳምንት ልጄን ጉንፋን ያዘው። ንፍጥና ትንሽ ሳል ነበር። ጎረቤቶቼ «ምን ትጠብቂያለሽ? ቶሎ ክሊኒክ ውሰጂው!» ሲሉኝ ደንግጬ ይዤው ሮጥኩ። ሦስት ሰዓት ሙሉ ከሚያስሉ ሰዎች ጋር ተጨናንቀን ወረፋ ጠበቅን። ልጁ አግዳሚ ወንበር ላይ ተኝቶ ሳየው አንጀቴን በላው። መጨረሻ ላይ የታዘዘልን አሞክሳሲሊን የሚባል አንቲባዮቲክ ነው።

ጉንፋንን የሚያመጣው ቫይረስ ነው። አንቲባዮቲክ ደግሞ የሚያጠፋው ባክቴሪያን እንጂ ቫይረስን አይደለም። ጉንፋን ብዙውን ጊዜ ከ7 እስከ 10 ቀን ውስጥ በራሱ ይለቃል። ያለቦታው የተወሰደ መድኃኒት ግን ባክቴሪያን ያለማምዳል፤ እውነተኛ የሳንባ ምች የመጣ ቀን አልሠራም ይላል። ይህ በጣም ያስፈራኛል።

እናቴ እኛን በትኩስ አጥሚትና በእንቅልፍ ነበር የምታስታምመን። ልጄ ትንፋሽ ካጠረው፣ ትኩሳቱ አልበርድ ካለ ወይም ምግብ እምቢ ካለ አንድ ደቂቃም አልዘገይም። ለንፍጥ ግን ከእንግዲህ ቤታችን እንተኛለን።

አንዲት እናት፣ ከአዲስ አበባ